የድል ዋጋ፤ ስለ «ሰንጎኩ ራንስ» ጨዋታ የቀረበ ሒስ

ጨዋታ ሲባል ለብዙ ሰው የሥራ ፈት ማሳለፊያ መስሎ ይታየዋል። ይሁን እንጂ በአገራችን ሰንጠረዥ በመኳንንት አዳራሽ ይጫወቱት እንደ ነበረ ስናስታውስ፣ ጨዋታ የአእምሮ ልምምድ መሆኑን እንረዳለን። ዛሬ ያ ሰሌዳ ወደ ኮምፒዩተር ገብቷል። በጃፓንም ጦርነትን፣ የቤተ መንግሥት ሤራንና የዕቁባቶችን ታሪክ አጣምሮ የያዘ፣ ለአዋቂዎች ብቻ የተፈቀደ የጨዋታ ዓይነት ተፈጥሯል። ከነዚህ መካከል ስመ ጥር የሆነውንና አሊስ ሶፍት የተባለው ኩባንያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2006 ዓ.ም. ያወጣውን «ሰንጎኩ ራንስ» እንመርምር።

ሰንጎኩ የሚባለው ጃፓን ከ15ኛው ምዕት ዓመት አጋማሽ ጀምሮ ከመቶ ዓመት በላይ በመሳፍንት ጦርነት የታመሰችበት ዘመን ነው፤ የእኛን ዘመነ መሳፍንት የሚያውቅ አንባቢ ነገሩ አይርቀውም። ተጫዋቹ ራንስ የተባለ ከባሕር ማዶ የመጣ ጀብደኛ ሆኖ፣ የኦዳን ቤት ጦር እየመራ አገሩን ሁሉ ለማስገበር ይነሣል።

በመጀመሪያ ምስጋና የሚገባውን እናመስግን። ተጫዋቹ በየተራው የሚፈቀዱለት ሥራዎች ጥቂት ስለሆኑ፣ አንዱን ሲመርጥ ሌላውን መተው ግዴታው ነው። ከዚህም የሚበልጥ ብልኃት አለ፤ ይኸውም በልዩ ልዩ መሳፍንት እጅ የሚገኙት ቅሎች ናቸው። በቅሎቹ ውስጥ የአንድ ታላቅ ጋኔን ኃይል ተከፋፍሎ ታስሯል። ቅል በተሰበረ ቍጥር ጋኔኑ ይበረታል። ስለዚህ አስገባሪው ከድሉ በስተኋላ የሚከተለውን ጥፋት አስቀድሞ ማሰብ አለበት። ድል ዋጋ እንዳለው ከዚህ አብልጦ የሚያስተምር ጨዋታ ጥቂት ነው።

ይህ ጥበብ ግን ከሴቶች እልፍኝ ደጃፍ ሲደርስ ይቆማል። በ1578 ዓ.ም. የሞተው ታላቁ የጦር አለቃ ኡዌሱጊ ኬንሺን፣ ወንድ መሆኑ ቀርቶ በጨዋታው ውስጥ ቆንጆ ሴት ተደርጓል፤ ዓላማውም ከጀብደኛው ምርኮ አንዷ እንድትሆን ነው። ራንስ በጉልበት የሚፈጽመው ነውር አብዛኛውን ጊዜ እንደ ቀልድ ይታለፋል። ቅል ሲሰበር ጋኔን ይነሣል፤ ሴት ስትደፈር ግን የሚነሣ ነገር የለም። ራንስ ሆን ተብሎ ባለጌ ሆኖ የተሣለ የማሣቂያ ሰው ነው የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ዳሩ ግን ባለጌ የሚያሥቀን ብልግናው ተመልሶ ራሱን ሲጥለው ነው። ሁልጊዜ የሚሸለም ባለጌ ሣቅን ሳይሆን መሰልቸትን ያመጣል።

ደራስያኑ የተሻለ ነገር ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልጋቸውም ነበር። የኦዳ ኖቡናጋ እኅት ኦኢቺ ለወዳጅነት ማጽኛ ለአዛይ ናጋማሳ ተዳረች። ባሏ ከወንድሟ ተጣልቶ በ1573 ዓ.ም. ሲጠፋ፣ ከሦስት ሴቶች ልጆቿ ጋር ወደ ኦዳ ቤት ተመለሰች። ወንድሟ በ1582 ከሞተ በኋላ ሺባታ ካትሱኢዬን አገባች፤ በማግሥቱ ዓመት ሂዴዮሺ ካትሱኢዬን ድል ሲያደርግ ከባሏ ጋር ሞተች። የበኵር ልጇ ቻቻ የዚያው የሂዴዮሺ ዕቁባት ሆና ወራሹን ወለደችለት፤ የመጨረሻዋ ልጇ ጎ ደግሞ የቶኩጋዋ ሂዴታዳ ሚስት ሆነች። በ1615 ዓ.ም. የጎ ባልና አማት የኦሳካን ግንብ ከበው በያዙ ጊዜ፣ ቻቻ ከነልጇ በዚያው ጠፋች።

እንግዲህ ጦርነቱ፣ ሤራውና የዕቁባቶቹ ታሪክ በአንድ ቤት ውስጥ ተገናኝተዋል። እዚህ ሴቲቱ ምርኮ ብቻ አይደለችም፤ የቃል ኪዳን ማኅተም፣ የወራሽ እናት፣ የግንብ እመቤት ናት፤ ሞቷም የመንግሥትን ዕድል ይለውጣል። ደራስያኑ ሴቲቱን የሽልማት ዕቃ ባደረጓት ጊዜ፣ የበደሉት እርሷን ብቻ አይደለም፤ የሤራውን ግማሽ ከገዛ ሥራቸው ቈርጠው ጥለዋል።

ይህን የምንለው ጨዋታው ይታገድ ለማለት አይደለም። በአገራችንም የኮምፒዩተር ጨዋታ ለመድረስ የሚያስቡ ወጣቶች አሉና፣ ከ«ሰንጎኩ ራንስ» የቅሉን ብልኃት ይውሰዱ፤ ከዚያም ሰውን ሁሉ፣ ሴቱንም ወንዱንም፣ ሲሰበር ድምፅ እንደሚሰማው እንደዚያ ቅል አድርገው ይሣሉት።