የተማሪን ትኩረት በግንባር ማሰሪያ ስለመለካት

የአንጎል የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ ከሰው ራስ ቅል ውጭ ሊመዘገብ እንደሚችል ያሳየው በየና ከተማ ይሠራ የነበረው ጀርመናዊው ሐኪም ሃንስ በርገር ነው። ሙከራውን እ.ኤ.አ. በ1924 አካሂዶ ውጤቱን ያሳተመው በ1929 ነበር። ዛሬ ይኸው ጥበብ ከሆስፒታል ወጥቶ መጫወቻ መደብር ገብቷል። ኒውሮስካይ የተባለው ኩባንያ የሠራው አነስተኛ መለኪያ፣ ማቴል እ.ኤ.አ. በ2009 ለገበያ ባቀረበው ማይንድፍሌክስ በተባለው መጫወቻ ውስጥ ገብቶ፣ ልጆች «በሐሳብ ኃይል» ቀላል ኳስ በአየር ላይ እንዲያንሳፍፉ አድርጓል። በጨዋታነቱ የሚነቀፍ አይደለም። ጥያቄ የሚያስነሣው እንዲህ ያለው መለኪያ ወደ መማሪያ ክፍል ሲገባ ነው።

ይህም በተግባር ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 በቻይና፣ ጂንኋ በተባለው አካባቢ በሚገኝ አንድ የአንደኛ ደረጃ ት/ቤት ተማሪዎች ብሬይንኮ የተባለው ድርጅት የሠራውን የግንባር ማሰሪያ አጥልቀው ይማሩ ነበር። ማሰሪያው ሦስት ኤሌክትሮዶች አሉት፤ አንዱ በግንባር ላይ፣ ሁለቱ ከጆሮ ጀርባ ያርፋሉ። በፊት ለፊቱ ያለችው መብራት ተማሪው ሲያተኩር ቀይ፣ ሐሳቡ ሲበተን ሰማያዊ ትሆናለች። ነጥቡ ወደ መምህሩ ኮምፒዩተር፣ ከዚያም ወደ ወላጆች ይተላለፍ ነበር። ወሬው ከተሰማ በኋላ ብርቱ ተቃውሞ ስለተነሣ አሠራሩ በዚያው ዓመት እንዲቆም ተደረገ።

ለመሆኑ የሚለካው ምንድን ነው? ከራስ ቆዳ ላይ የሚገኘው የአንጎል ምልክት ብዙውን ጊዜ ከ100 ማይክሮቮልት አይበልጥም። የዐይን ጥቅሻና የግንባር ጡንቻ መኮማተር የሚያስከትሉት የኤሌክትሪክ ለውጥ ይህን በቀላሉ ይውጠዋል። በሐኪም ቤት ሃያ ያህል ኤሌክትሮዶች በቅባት ተጣብቀው፣ ታካሚው ጸጥ ብሎ ተቀምጦ፣ ባለሙያ የሚያነበው መዝገብ እንኳ ከዚህ ችግር ነጻ አይደለም። አነስተኛው መሣሪያ ከ8 እስከ 13 ኸርዝ ያለውን የአልፋ ሞገድ፣ በተለይ ዐይን ሲጨፈን፣ መያዝ መቻሉ አይካድም። ከሞገዱ ተነሥቶ «ትኩረት 72» የሚል ቁጥር ላይ መድረስ ግን ሌላ ነገር ነው፤ በብዙዎቹ መሣሪያዎች የስሌቱ ቀመር የኩባንያው ምስጢር በመሆኑ መምህሩ ሊመረምረው አይችልም።

ከሁሉ የከፋው ጉድለት ግን የቴክኒክ አይደለም። ቁጥሩ ትክክል ነው ቢባል እንኳ ተማሪው በምን ላይ እንዳተኮረ አይናገርም። ቀይ መብራት የበራለት ልጅ ትምህርቱን ሳይሆን መብራቱን እየፈራ ሊሆን ይችላል። በመስኮት ወደ ውጭ የሚመለከተው ደግሞ የሒሳቡን ጥያቄ በልቡ እያሰላ ይሆናል። ሁለቱን ለመለየት መምህር ከጥንት ጀምሮ የሚጠቀምበት ዘዴ አለ፤ ልጁን ይጠይቀዋል። ማሰሪያው ይህን ጥያቄ ያሳጥራል ተብሎ ቢታሰብም፣ በተግባር የመምህሩን ዐይን ከልጁ ፊት ወደ ኮምፒዩተሩ ያዞረዋል።

የመዝገቡ ባለቤትነትም መታየት አለበት። ቺሌ እ.ኤ.አ. በ2021 የአንጎል እንቅስቃሴንና ከእርሱ የሚገኘውን መረጃ በሕገ መንግሥቷ ጥበቃ ሥር አድርጋለች። በ2023 ደግሞ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ኢሞቲቭ የተባለው ኩባንያ ከቀድሞው ሴናተር ጊዶ ጂራርዲ የሰበሰበውን የአንጎል መረጃ እንዲሰርዝ ወስኗል። ሴናተሩ መሣሪያውን ገዝተው፣ ፈቅደው ያጠለቁ፣ ሕግ ዐዋቂም ያላቸው ሰው ነበሩ። በጂንኋ ግን ማሰሪያው ሕፃናት ግንባር ላይ የዋለው በት/ቤቱ ውሳኔ ነው።