ጭቃና ስሚንቶ በጉንደ ወይን፤ ስለ ግድግዳ ሥራ አጭር ትችት

በጉንደ ወይንም ሆነ በሌላው የምሥራቅ ጎጃም ከተማ የጭቃ ቤት ያለው ሰው ጥቂት ገንዘብ ሲያገኝ ግድግዳውን በስሚንቶ ለማስለሰን ይመኛል። ምኞቱ አይነቀፍም፤ አሠራሩ ግን መነቀፍ ይገባዋል እላለሁ።

በጤፍ ጭድ ተቦክቶ በማገር ላይ የተመረገ ጭቃ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይሰበሰባል። ስሚንቶ ግን ግትር ስለ ሆነ አብሮት አይሄድም፤ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የገባው ውሃ መውጫ ሲያጣ ልስኑ ተገሽልጦ ይወድቃል፤ እንጨቱም ይበሰብሳል። ድሃው እንግዲህ ሁለት ጊዜ ይከስራል።

የቀድሞ ግንበኞች ማያያዣውን ከዕቃው ጋር ያስማሙ ነበር። በላስታ የይምርሐነ ክርስቶስ ግድግዳ በእንጨት ረድፍ እየታሰረ ቆሟል። በጎንደር የአፄ ፋሲል (1624–1660 ዓ.ም.) ግንብ ድንጋዩ በኖራ ተያይዟል። ለጉንደ ወይን በሚቀርበው በመርጡለ ማርያምም፣ በእቴጌ እሌኒ ተሠርቶ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የታደሰው ሕንፃ ፍርስራሽ የጠራቢውን እጅ ዛሬም ያሳያል።

የዘመናዊው ሙያ ሕግም ከዚህ አይለይም። ጥሩ ግንበኛ የላይኛው ጡብ መጋጠሚያ በታችኛው ላይ እንዳይውል ያፈራርቃል፤ ደረቅ ጡብ የቡኮውን ውሃ ይመጣልና አስቀድሞ ያርሰዋል።

ስለዚህ ትችቴ በስሚንቶ ላይ ሳይሆን ዕቃውን ያለ ዕውቀቱ በመቀበላችን ላይ ነው። የጭቃ ግድግዳ በጭቃ ወይም በኖራ ይለሰን፤ ስሚንቶ ለጡብና ለብሎኬት ይዋል። ጓደኞቼም ለዕረፍት ወደ አገራቸው ሲሄዱ ከሽማግሌ ግንበኞች ዘንድ ተቀምጠው ሙያቸውን ቢጽፉ መልካም ነው።