ባለ አንድ ዓይንና ባለ ሁለት ዓይን
ስለ ሥዕልና ስለ ሰው ማዕረግ

ሥዕል ፊደል ላልቈጠረ ሰው እንደ መጽሐፍ መሆኑን አባቶች ሲያስተምሩ ኖረዋል። መጽሐፍ ከሆነም እንደ መጽሐፍ ሊመረመር ይገባዋል፤ በቀለሙ ማማር ብቻ ሳይሆን በሚያስተምረው ትምህርት ሊመሰገን ወይም ሊነቀፍ ይገባዋል። ስለዚህ በዚህ ገጽ ሠዓሊ የሰውን ዘርና ማዕረግ በምን ምልክት እንደሚለይ፣ ምልክቱም ከወንጌል ጋራ ይስማማ እንደሆነ እንመለከታለን። ነገሩ ለእኛ ለአርባ ምንጭና ለጋሞ ደጋ ሰዎች ሩቅ አይደለም፤ ምክንያቱን አንባቢ ከዚህ በታች ያገኘዋል።

የአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ከጥንት ይዞት የመጣ አንድ ታላቅ ልማድ አለው። ይኸውም ጻድቅ ፊቱ ሙሉ ሆኖ ሁለት ዓይኑ ይታያል፤ ይሁዳን፣ ሰቃልያንንና አጋንንትን የመሰለ ግን በጎኑ ተሥሎ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ይህን የማያውቅ እንግዳ ሠዓሊው ፊት መሣል የተሳነው ይመስለዋል፤ የሚያውቅ ግን ጥበቡን ያደንቃል። ምእመን ወደ ቅዱሱ ሲመለከት ቅዱሱም ወደ እርሱ ይመለከታልና፤ ክፉው ግን ከሚጸልይ ሰው ጋራ ዓይን ለዓይን እንዳይገናኝ ፊቱ ዞሯል። በ1888 ዓ.ም. የሆነውን የዐድዋን ጦርነት በሸራ የሣሉት ሠዓሊዎችም ይህንኑ ልማድ ተከትለዋል። ቅዱስ ጊዮርጊስ ከላይ በፈረሱ ሆኖ ሲታይ፣ የኢትዮጵያ ሠራዊት በሙሉ ፊት፣ የኢጣልያ ሠራዊት ግን በጎኑ ተሥሏል። ልብ በሉ፤ ኢጣልያዊው አንድ ዓይን የቀረው ነጭ ስለሆነ አይደለም፤ የሰው አገር ለመንጠቅ ስለመጣ ነው። ምልክቱ የሥራ ነው እንጂ የደም አይደለም።

የዚህን ልማድ ዋጋ በደንብ ለማወቅ ሌላውን ዓለም አይቶ ማነጻጸር ይጠቅማል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ18ኛው መቶ ዓመት እስጳንያ ትገዛው በነበረው በሜክሲኮ አገር «ካስታ» የሚባል የሥዕል ዓይነት ተነሣ። ብዙውን ጊዜ 16 ሥዕል በተከታታይ ሆኖ፣ በእያንዳንዱ አባት፣ እናትና ልጅ ይታያሉ፤ የልጁም ዘር ምን ተብሎ እንደሚጠራ በጽሑፍ ይነገራል። እስጳንያዊ ከአገሬው ተወላጅ ሴት የወለደው ሜስቲሶ፣ ከጥቁር ሴት የወለደው ሙላቶ ይባላል። ተራው ወደ ታች በወረደ ቍጥር ልብሱ ከሐር ወደ ቡትቶ ይለወጣል፤ ስሙም አብሮ ይዋረዳል። አንዱን ልጅ «ተኵላ»፣ ሌላውን «ወደ ኋላ ተመላሽ»፣ ሌላውንም «አልገባኸኝም» ብለው ጽፈውበታል። ሚጌል ካብሬራ በ1763 የሣለውን ተከታታይ ሥዕል ያየ ሰው የእጁን ብልሃት መካድ አይችልም፤ የጨርቁ ሽመና፣ የፍሬው ወዝ፣ የልጆቹ ፊት እውነተኛ ይመስላል። ነገር ግን ያ ሁሉ ብልሃት ሰውን እንደ ገበያ እህል በየስልቻው ለመለየት ዋለ። እንድሬስ ዴ ኢስላስም በ1774 ከሣላቸው በአንዱ ጥቁሪቱ ሚስት የእስጳንያዊ ባልዋን ጠጕር ይዛ ስትደበድብ ይታያል። በዚህ ዓይነት ቍጣ የሰው ሁሉ ኃጢአት መሆኑ ቀርቶ የአንድ ቀለም ኃጢአት ሆነ።

ከሁሉ ይልቅ ክርስቲያንን ሊያሳዝን የሚገባው ግን ሉዊስ ዴ ሜና በ1750 ገደማ የሣለው ነው። በላይ በኩል የሜክሲኮ ሰዎች እጅግ የሚወዷት የጓዳሉፔ እመቤታችን ቆማለች፤ ከእርስዋ በታች ስምንት ቤተ ሰብ በየዘሩ ተከፍሎ ተደርድሯል፤ ከታች ደግሞ የአገሩ ፍራፍሬ ተዘርዝሯል። እመቤታችን በዚያ ሥዕል መልክዋ ጠይም ነው። ጠይሚቱን እናት ከላይ አክብሮ፣ ጠይሞቹን ልጆችዋን ከታች ከፍሬ ጋራ መቍጠር እንዴት ያለ ነገር ነው? ሠዓሊው የሣለውን ራሱ አላነበበውም።

ይህን አይተን እኛ ከዚህ ነፃ ነን ብለን ቶሎ ብንመካ ግን ፍርዳችን ይጐድላል። የአገራችንን ሥዕል በቀረበ ዓይን የተመለከተ ሦስት ነገር ሊነቅፍ ይችላል።

መጀመሪያው ቀለም ነው። ቅዱሳኑ ቀይ ወይም ጠይም ሆነው ሲሣሉ ዲያብሎስ ብዙ ጊዜ ጥቁር ይሆናል። ጨለማን ለማመልከት ነው ቢባልም፣ ባሪያ ፈንጋይ በነበረበት ዘመን ይህን ሥዕል ያየ ሕፃን ከጨለማ ይልቅ ከጎረቤቱ ፊት ጋራ ማስተያየቱ አይቀርም ነበር። ቤተ ክርስቲያን ግን ሙሴ ጸሊምን ሰኔ 24 ቀን ታከብራለች፤ ጥቁረቱንም ከስሙ አልፋቀችም። ስንክሳሩ የሚያውቀውን ግድግዳው ሊረሳው አይገባም።

ሁለተኛው ባለጸጋ ነው። በጣና ሐይቅ በናርጋ ሥላሴ እቴጌ ምንትዋብ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። ይህ ሥዕል በአንድ በኩል እጅግ የሚመሰገን ነው፤ ንግሥቲቱ በእመቤታችን ፊት ትንሽና ዝቅ ያሉ ሆነው ይታያሉና፣ ልክ የተሰጠው በቅድስና ነው። በሌላ በኩል ግን በዚያ ሥር ለመደፋት እንኳ መክበር ያስፈልግ ነበር። ድንጋዩን የተሸከመው፣ ጭቃውን ያቦካው ሰው በየትም አይታይም።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው ይኸው አለመታየት ነው። የካስታ ሠዓሊ ድኻውን ለማዋረድ ሣለው፤ የእኛ ሠዓሊ ግን ብዙ ጊዜ ፈጽሞ ተወው። በጋሞ ደጋ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሁሉ ያውቃል። በቀድሞው ሥርዓት ማላ የተባለው ወገን መሬትና የዱቡሻ ሸንጎ ሲኖረው፣ ማና የተባሉት ሸክላ ሠሪዎችና ደጋላ የተባሉት ቆዳ ፋቂዎችና ቀጥቃጮች ከመሬቱም ከሸንጎውም ተለይተው ይኖሩ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከለከሉ፤ በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ወጣ፤ ነገር ግን በጋብቻና በማዕድ ያለው ግድግዳ በአዋጅ ብቻ አልፈረሰም። ነገሩም ከተፈጥሮ የመጣ እንዳይደለ የሸማኔው ዕድል ያስረዳል። በዶርዜ ሽመና የተከበረ የወንድ ሥራ ነው፤ ያው ዶርዜ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ሲደርስ ግን በዚያው ሥራው ሲናቅ ኖሯል። ሰው አንድ፣ ሥራ አንድ ሲሆን ክብሩ በአገር ከተለወጠ፣ ንቀቱ በተመልካቹ ዓይን ነው እንጂ በተመልካቹ ፊት በቆመው ሰው ደም ውስጥ አይደለም።

አንዳንድ ሊቃውንት «ሥዕል ሥርዓት አለው፤ እንደ ጊዜው ስሜት አይለወጥም» ይሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ እኛም ሥርዓቱ ይፍረስ አላልንም። ይልቁንም ሥርዓቱ በሙሉ ይፈጸም እንላለን። ቅዱስ ጴጥሮስ በኢዮጴ ብዙ ቀን የተቀመጠው በቍርበት ፋቂው በስምዖን ቤት መሆኑን የሐዋርያት ሥራ ይመሰክራል፤ ቅዱስ ጳውሎስ ድንኳን ሰፍቶ ይበላ ነበር፤ ነቢዩ ኤርምያስ የእግዚአብሔርን ቃል ለመስማት ወደ ሸክላ ሠሪ ቤት ወረደ፤ ደብተራ ኦሪትንም የሠራ ባስልኤል መንፈስ ቅዱስ ጥበብን ያሳደረበት አንጥረኛ ነው። እነዚህ ሁሉ በመጽሐፍ ያሉ ናቸው፤ ነገር ግን በቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ ስምዖንን በቆዳው መካከል በሁለት ዓይኑ ሲመለከተን ስንት ጊዜ አየነው? ከበሮው የተለበጠበት ቆዳ፣ መስቀሉ የተቀጠቀጠበት መዶሻ በእነማን እጅ እንደሆነ የሚያስታውስ ሥዕል እንግዳ ትምህርት አያመጣም፤ የተነበበውን ያሳያል እንጂ።

በመስከረም 2011 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ከተማ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በተቈጣው ወጣት ፊት ተንበርክከው በቀልን አስቀሩ። ሽማግሌ ለልጁ ሲንበረከክ በየትኛውም የማዕረግ መሰላል ላይ አይገኝም፤ በወንጌል ግን ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር ሲያጥብ ይገኛል። የዚህ አገር ሠዓሊ ሕጽበተ እግርን ሲሥል ከዚህ የተሻለ አብነት የት ያገኛል?

እንግዲህ ሥዕል የሚያሠሩ አለቆችና ማኅበራት ለሠዓሊው ወርቅ ቀለም ከመስጠታቸው በፊት ይህን ይጠይቁት፤ ሁለት ዓይን ለማን ሰጠህ? ለማንስ ነፈግህ? ፈጣሪያችን አዳምን ከጭቃ ሲያበጅ የሸክላ ሠሪን ሥራ አልናቀምና፣ ሠዓሊዎቻችንም እንዳይንቁት ማስተዋሉን ይስጥልን፤ አሜን።