ሳይጎተት የሚነሳ የቁስል ሽፋን

በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ባሉ የደቡብ ጎንደር ደጋማ ቀበሌዎች፣ እስከ ጣራ ገዳም ግርጌ ድረስ፣ እንጀራ በእንጨት እሳት በሚጋገርበት ጓዳ የሚደርስ ቃጠሎ ለቁስል ባለሙያ እንግዳ አይደለም፤ ታማሚውን በተለይም ሕፃኑን አብዝቶ የሚያስፈራው ግን ብዙ ጊዜ ፋሻው የሚቀየርበት ሰዓት ነው። ቁስሉ ላይ የሚደረገው ስስ ጨርቅ፣ ጎዝ፣ ከቁስሉ የሚወጣውን ፈሳሽ መጥጦ ሲደርቅ ክሩ ከአዲሱ ሥጋ ጋር ስለሚጣበቅ፣ በኃይል ሲነሳ ገና የበቀለውን ስስ ቆዳ ይዞት ይመጣል፤ ቁስሉም እንደገና ይደማል።

ተመራማሪው ጆርጅ ዊንተር በ1962 እ.ኤ.አ. በአሳማዎች ላይ ባደረገው ጥናት እርጥበቱ የተጠበቀ ቁስል ለአየር ተጋልጦ ከደረቀው ፈጥኖ ቆዳ እንደሚለብስ አሳይቷል። ሃይድሮጄል የሚባለው ሽፋን በዚህ ግኝት ላይ የቆመ ነው፤ ይኸውም ረጃጅም የፖሊመር ሰንሰለቶች እርስ በርስ ተያይዘው የሚሠሩት፣ ውኃ በብዛት የቋጠረ መረብ ሲሆን፣ የተዘፈዘፈ ተልባን የሚከበው ዝልግልግ ነገር ለዚህ ቅርብ ምሳሌ ነው። ውኃ ሰጪ በመሆኑ ፈሳሹ ለበዛ ቁስል አይመከርም፤ በዙሪያው ያለውን ጤነኛ ቆዳ አርሶ ያነጣዋልና።

በቦስተን ዩኒቨርሲቲ የማርክ ግሪንስታፍ ቡድን በ2016 እ.ኤ.አ. ለሁለተኛ ደረጃ ቃጠሎ፣ ማለትም ከላይኛው ቆዳ አልፎ ውስጠኛውን ለነካ ጉዳት፣ ያቀረበው ጄል ደግሞ አንድ እርምጃ ይቀድማል፤ ሰንሰለቶቹን የሚያያይዘው ታዮኤስተር የተባለ ኬሚካዊ ማሰሪያ ሲስቴይን ከሚባለው አሚኖ አሲድ የተሠራ ውህድ ያለበት ፈሳሽ ሲነካው ስለሚፈታ፣ ሽፋኑ ሳይጎተት ሟሙቶ ይታጠባል። የዚህ ሥራ ትልቁ ዋጋ፣ ሽፋኑ የሚለቅበትን ጊዜ ለባለሙያው እጅ መስጠቱ ነው።

እንዲህ ያለው ጄል በየጤና ጣቢያው መደርደሪያ ባይገኝም ሽፋኑን ሳይጎትቱ የማላቀቅ መርሑ ዛሬም ይሠራል። የህመም ማስታገሻው አስቀድሞ ተሰጥቶ፣ ለብ ያለ ሳላይን (የጨው ውኃ) ከጎዙ ጠርዝ ጀምሮ ቀስ ተብሎ ይንጠባጠባል፤ ክሩ እስኪላላ ይጠበቃል፤ ከዚያም አንድ እጅ ቆዳውን ደግፎ ይዞ ሌላው ጎዙን ወደ ላይ ሳይሆን ከቆዳው ጋር አስተካክሎ ወደ ኋላ ያጥፈዋል። ከሥሩ ቫዝሊን ጎዝ ከተደረገ ሥራው ይቀላል። ሳላይንና ጥቂት ደቂቃ ባለበት ሁሉ፣ የደረቀን ጎዝ በደረቁ መንጨት ከቁስል ማጠቢያ ክፍሎች ጨርሶ መቅረት አለበት።