የ3.5 ሚሊሜትር ጥበብ

የኢርፎን መሰኪያ ርዝመቱ 14 ሚሊሜትር ያህል፣ ውፍረቱ 3.5 ሚሊሜትር ነው። ጫፉ ሾጠጥ ይላል፤ ወዲያው ቀጠን ያለ አንገት ይከተላል። ከአንገቱ በታች ብረቱን የሚቆራርጡት ስስ ቀለበቶች ጌጥ አይደሉም። ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ፕላስቲክ ናቸው። ማይክሮፎን ያለው ኢርፎን ላይ ሦስት ቀለበቶች አሉ፤ ብረቱን ለአራት ይከፍሉታል። ጫፉ የግራ ጆሮ ነው፣ ቀጥሎ የቀኝ፣ ከዚያ የሁሉም የጋራ መመለሻ፣ በመጨረሻ ማይክሮፎኑ። ቀደም ሲል አንዳንድ አምራቾች የመጨረሻዎቹን ሁለቱን አገላብጠው ይሠሩ ነበር። እንዲህ ያለው ኢርፎን ከማይስማማው ስልክ ላይ ሲሰካ ዘፋኙ ይርቃል፤ የማይክሮፎኑ ቁልፍ ተጭኖ ሲያዝ ግን ይመለሳል። ቁልፉ የሚሠራው ሁለቱን መስመሮች በማገናኘት ስለሆነ ነው።

ቀዳዳው ውስጥ ስስ የብረት ምላሶች አሉ። እያንዳንዱ ምላስ እንደ ስፕሪንግ እየገፋ የራሱን ድርሻ ብረት ይጫናል። የጫፉ ምላስ አንገቱ ውስጥ ሲወድቅ ቀጭ ይላል። መሰኪያው እንዳይወጣ የሚይዘውም እሱ ነው፤ ሌላ መቆለፊያ የለም። ድምፅ የሚያሳልፈው ብረት ራሱ መያዣ ሆኗል። እኔ ከሁሉም የማደንቀው ይህን ነው። ክብ ስለሆነ ደግሞ ላይና ታች የለውም፤ ኪስ ውስጥ ሳያዩት ይሰካል፣ ገመዱ ሲጎተት አብሮ ይዞራል።

ዘሩ የሚመዘዘው ከ19ኛው መቶ ዘመን የስልክ ማዞሪያ ቤቶች ነው። ኦፕሬተሮቹ ደዋይን ከተደዋይ የሚያገናኙበት መሰኪያ 6.35 ሚሊሜትር ነበር፤ ጊታር ዛሬም የሚሰካው በዚያው ልክ ነው። ትንሹ ከትራንዚስተር ሬዲዮ ጋር መጣ። በ1979 የወጣው የሶኒ ዎክማን ሁለት ሰዎች አብረው እንዲያዳምጡ ሁለት ቀዳዳ ነበረው።

አፕል በ2016 አይፎን 7ን ያለ ቀዳዳው አወጣ። ቀዳዳው ጥልቅ ነው፤ ውስጡ በተጨናነቀ ስልክ ላይ ቦታ መሻማቱ እውነት ነው። ግን አይቻልም ማለት አይደለም። ቪቮ በ2014 ያወጣው ኤክስ 5 ማክስ ውፍረቱ 4.75 ሚሊሜትር ብቻ ሆኖ ቀዳዳው አልቀረበትም። ከላይና ከታች ለግድግዳ የተረፈው ተደምሮ 1.25 ሚሊሜትር ነው! ቀዳዳው ውሃ ያስገባል ለሚለውም፣ በዚያው በ2016 የወጣው ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ 7 ቀዳዳው እያለ 1.5 ሜትር ውሃ ውስጥ 30 ደቂቃ እንዲቆይ ተደርጎ ተሠርቷል።

ገመዱም ሌላ ሥራ አለው። ኤፍ ኤም አዲስ በ97.1 ሜጋኸርዝ ሲያሰራጭ የሞገዱ ርዝመት ከ3 ሜትር ይበልጣል። ኪስ ውስጥ የሚገባ ስልክ ለዚህ የሚበቃ አንቴና የለውም። ስለዚህ ስልኩ ሬዲዮ ሲከፈት ኢርፎን ስካ ይላል፤ አንቴናው ገመዱ ነውና። የብሉቱዝ ኢርፎን ይህን አይተካም፤ በዚያ ላይ እያረጀ የሚሄድ ባትሪ አለው።

የተወገደው ችግር አልነበረም፤ ተሠርቶ ያለቀ ነገር ነበር። ስልክ ስትገዙ የራሳችሁን ኢርፎን ይዛችሁ ሂዱ። ሰኩትና መሰኪያውን በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ አዙሩት። ድምፁ ካልተቆራረጠ ምላሶቹ በወጉ ተገጥመዋል።