«ዘንግ» ስንት ነገር ይሸከም? ስለ ጋራዥ ቃላትና ስለ ስያሜ ሥራችን

የቴክኒክ ጽሑፎችን ወደ አማርኛ የሚመልሱ ሰዎች አብዝተው የሚመኩበት ቃል «ዘንግ» ነው። በሞተሩ ውስጥ የሚሽከረከረውም ዘንግ፣ ጎማዎችን የሚያያይዘውም ዘንግ፣ ከካምቢዮ ተነሥቶ ኃይሉን ወደ ጎማዎች የሚያደርሰውም ዘንግ ይባላል። «የኃይል ማስተላለፊያ» የሚል ቅጽል ቢታከልበትም ልዩነቱ አይገለጥም፤ በሞተሩ ውስጥ ያለውም ኃይል ያስተላልፋልና። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ልማድ በሥራ ላይ የሚያስከትለውን ጉድለት ማመልከት ነው።

ለምሳሌ ያህል አንድ የጅግጅጋ ባለጋራዥ ለገጠር መንገድ ከፍ የተደረገ መኪናን ካርዳን በቶርኖና በብየዳ ራሱ ሊሠራ ተነሣ እንበል። በእጁ ያለው የትርጉም መመሪያ «የዘንጉን ርዝመት ለካ» ይለዋል። የትኛውን ዘንግ? ከየት እስከ የት? ትክክለኛው ልክ መኪናው በጎማዎቹ ቆሞ፣ ክብደቱን ተሸክሞ ሳለ ከአንዱ ክሮቸራ መሐል እስከ ሌላው ክሮቸራ መሐል የሚወሰደው ነው፤ ባሌስትራው ሲተጣጠፍ ርቀቱ ስለሚለዋወጥም ለተንሸራታቹ ክፍል መጫወቻ ሊተውለት ይገባል። ልኩ ከተሳሳተ ካርዳኑ በጉዞ ላይ ሊወልቅ ይችላል። የፊተኛው ጫፍ ወልቆ መሬት ቢወጋ የሚከተለውን አደጋ መገመት አያዳግትም።

ከቧንቧው ጫፍ ላይ የሚበየደውን ሹካ መሰል ክፍል እንግሊዝኛው በበሬ ቀንበር ስም ይጠራዋል። ተርጓሚው ይህን ተከትሎ «ቀንበር» ቢል ቃሉን መልሷል፤ ነገሩን ግን አላሳየም። የእኛ ቀንበር በሁለት በሬዎች ጫንቃ ላይ የሚጋደም እንጨት ነው። ሁለት ጣት ያለው፣ በመካከሉ ሌላ ነገር የሚይዝ እንጨት ግን በአገራችን ስም አለው፤ «ባላ» ይባላል። ማንም ገበሬ የሚያውቀው ይህ ቃል ከቀንበር ይልቅ ለብረቱ ይስማማል።

ሁለቱ ባላዎች ሲበየዱ ጆሮዎቻቸው በአንድ መስመር መዋል አለባቸው። ታጥፎ የሚዞር አንድ ክሮቸራ በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜ ይዘገያል፤ ሁለተኛው ክሮቸራ ይህን የሚያካክሰው ባላዎቹ ሲገጣጠሙና የሁለቱ መታጠፊያ ማዕዘኖች እኩል ሲሆኑ ነው። ይህን የመስመር መግጠም «ደረጃ» ብሎ መተርጐም ብየዳውን ከማሳሳት በቀር ጥቅም የለውም። «ጆሮ ለጆሮ አግጥም» ማለት ይበቃል።

የጅግጅጋ ጋራዥ ለቋንቋ ተመራማሪም ትምህርት ቤት ነው። ከተማዋ ከ1936 እስከ 1941 እ.ኤ.አ. በጣልያን፣ ከዚያም እስከ 1948 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር ቆይታለች። የአማርኛው የጋራዥ ቃል በብዛት የጣልያንኛ ውርስ ነው፤ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ክሮቸራ ምስክሮች ናቸው። ሶማሊኛው ግን ከእንግሊዝኛም ወርሷል፤ አማርኛው «ፍሬን» የሚለውን «በሬግ» ይለዋል። «ጋሪ» ደግሞ በአማርኛ ፈረስ የሚስበው ሲሆን በሶማሊኛ መኪናው ራሱ ነው። በሁለቱ ቋንቋዎች መካከል የሚሠራ ተርጓሚ ይህን ሳይለይ ቢያልፍ ጭነቱን በፈረስ ያስጐትታል።

በ1989 ዓ.ም. የታተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ታላቅ ድካም የፈሰሰበት ሥራ መሆኑ አይካድም። ሆኖም መግቢያ ቃሉ እንግሊዝኛ፣ ፍቺው አማርኛ በመሆኑ፣ «ክሮቸራ» የሚለውን ብቻ የሚያውቅ መካኒክ ወደ መጽሐፉ የሚገባበት በር የለውም። መዝገበ ቃላቱ የተሠራው ከመጽሐፍ ወደ ጋራዥ ለሚወርድ እንጂ ከጋራዥ ወደ መጽሐፍ ለሚወጣ አይደለም።

ባዕድ ቃል ሁሉ ይጽና ማለታችን አይደለም። «ካርዳን» የ16ኛው መቶ ዘመን ጣልያናዊ ሊቅ የጄሮላሞ ካርዳኖን ስም ይዞ በፈረንሳይኛ፣ በጀርመንኛና በሩስክኛም የገባ ቃል ነውና ቢጸና መልካም ነው፤ «ባላ»ና «ጆሮ» ከቤት ሳሉ ግን መበደር አያሻም። የመሣሪያ እጀታ የነበረው «ዛቢያ» ዛሬ ምድር የምትዞርበት መስመር ስም እስከ መሆን ደርሷል። ቃል ከእጅ ሥራ ተነሥቶ ወደ ሳይንስ መውጣት እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ስለዚህ የሚቀጥለው የስያሜ ሥራ አስቀድሞ የጋራዡን ቃል በአማርኛም በሶማሊኛም ይሰብስብ፤ ክፍሉን በሥዕል ያሳይ፤ አዲስ ቃል የሚፈጥረውም የተሰበሰበው ባልበቃበት ቦታ ብቻ ይሁን። «ዘንግ»ም ከተጫነበት ሸክም ያን ጊዜ ያርፋል።