«ተባለ» ያለው ማን ነው?

የሚዲያ ንቃት ሥልጠና ወስዳችሁ የምታውቁ ከሆነ ስላይዶቹ አይጠፏችሁም። ምንጩን አጣሩ። ቀኑን እዩ። የድረ ገጹን አድራሻ ተመልከቱ። ፎቶውን መልሳችሁ ጎግል ላይ ፈልጉ። የፊደል ግድፈት የበዛበትን ጽሑፍ ተጠራጠሩ። ከዚያ የሻይ ዕረፍት፣ ከዚያ የቡድን ሥራ፣ ከዚያ ሰርተፍኬትና የጋራ ፎቶ። በዚህ ላይ ማሾፍ ቀላል ነው፤ እኔ ግን ማሾፍ አልፈልግም። ስላይዱን እንደ ማንኛውም ጽሑፍ አንብቤ ልተቸው ነው የፈለግኩት። ማንኛውም ጽሑፍ አንባቢዬ ማን ነው ብሎ እንደገመተ ያሳብቃልና።

ይሄኛው የገመተው አንባቢ ላፕቶፕ ፊት የተቀመጠ፣ ዜናውን ከድረ ገጽ የሚያገኝ፣ የሚያነበውም በእንግሊዝኛ የሆነ ሰው ነው። ያ ሰው አብዛኞቻችንን አይመስልም። ለእኛ ዜና የሚደርሰን ከቴሌግራም ቻናል፣ ከቲክቶክ ላይቭ፣ ከዩቲዩብ፣ አክስታችን በቤተሰብ ግሩፕ ከላከችው የድምፅ መልእክት ነው። የምንሰማውም በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ ነው። ምክሮቹ ተተርጉመው መጡ፤ የተሠሩለት ሁኔታ ግን አብሯቸው አልመጣም።

የፊደል ግድፈቱን ምክር እንውሰድ። በእንግሊዝኛ ምክንያት ነበረው፤ ቁም ነገረኛ ድርጅት አራሚ ይቀጥራል፣ አጭበርባሪ አይቀጥርም። በአማርኛስ? «ዓለም» እና «አለም»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ»፣ «ሠራተኛ» እና «ሰራተኛ» በአንድ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ላይ፣ አንዳንዴም በአንድ ገጽ ላይ አብረው ይገኛሉ። ድምፃቸው አንድ የሆነ ፊደላት ስላሉን የአጻጻፍ ልዩነት ብቻውን የሐሰት ምልክት ሊሆን አይችልም። ልዩነቱ የሚጎዳን ሌላ ቦታ ነው፣ ፍለጋ ላይ። አንድ ወሬ ለማጣራት «ሀኪም» ብሎ የፈለገ ልጅ «ሐኪም» ተብሎ የተጻፈውን ማስተባበያ ላያገኘው ይችላል። ለእኛ የሚጠቅመው ምክር «በሁሉም ፊደል ፈልጉ» የሚለው ነበር። ይሄን ስላይድ ላይ አይቼው አላውቅም።

«ቀኑን እዩ» ይላል ደግሞ። እሺ፣ በየትኛው አቆጣጠር? አንድ ደብዳቤ ግርጌው ላይ «2012» ቢል፣ በእኛ ከሆነ ኮሮና የገባበት ዓመት ነው፤ በፈረንጅ ከሆነ መለስ ዜናዊ ያረፉበት። ያለ ወርና ያለ «እ.ኤ.አ.» የተቆረጠ ስክሪንሾት የሰባትና የስምንት ዓመት ክፍተት ውስጥ እንደልቡ ይዋኛል። ሰዓቱም እንደዚያው ነው። ጽሑፉ «ማታ 3 ሰዓት» ብሎ የስልኩ ጥግ 9:00 ቢያሳይ ለውጭ ሰው ቅንብር ይመስለዋል፤ ለእኛ ምንም ችግር የለውም።

የድረ ገጽ አድራሻውም ቢሆን በቴሌግራም ዓለም ብዙ አይናገርም። የቻናል ስም በፈለጉት ጊዜ ይቀየራል። ትናንት የእግር ኳስ ውጤት ይለጥፍ የነበረ ቻናል ዛሬ «ሰበር መረጃ» ሆኖ ሊያድር ይችላል፤ ተከታዮቹም አብረውት ይሻገራሉ። ፎርዋርድ የተደረገ ፖስት አብዛኛውን ጊዜ የመጣበትን ቻናል ስም ይዞ ይዞራል፤ ኮፒ ተደርጎ እንደገና ሲለጠፍ ግን ዱካው ይጠፋል። ወደ ላይ ስክሮል አድርጎ ቻናሉ ከአንድ ዓመት በፊት ምን ይለጥፍ እንደነበር ማየት ከአድራሻ ምርመራ ይበልጣል።

እነዚህ ግን የመሣሪያ ጉዳዮች ናቸው። ጥሩ አሠልጣኝ በአንድ ከሰዓት በኋላ ያስተካክላቸዋል። የእኔ ዋና ቅሬታ ሌላ ነው። ሥልጠናው ስለ ፎቶ፣ ስለ ሊንክ፣ ስለ አካውንት ሁሉ ይነግረናል፤ ዓረፍተ ነገር ማንበብን ግን አያስተምርም። የምንታለለው ደግሞ በአብዛኛው በዓረፍተ ነገር ነው።

አማርኛ ወሬን ከምስክርነት የሚለይበት የራሱ ዘዴ አለው። «አገባች» እና «አገባች አሉ» አንድ አይደሉም። ቡና ላይ የተቀመጡ እማማ «የእንትና ልጅ አገባች አሉ» ሲሉ ሁለት ነገር ነው የሚነግሩን፣ ወሬውንና እሳቸው በዓይናቸው እንዳላዩት። «አሉ» ትንሽ ቃል ናት፤ ግን ሐቀኛ ናት። ሰሚው ወሬውን ምን ያህል እንደሚያምነው በእሷ ይመዝናል። ከፈለገም «ማን አለ?» ይላል፣ እማማም «እትዬ እንትና ናት ያለችኝ» ብለው ወደ ምንጩ ይመሩታል።

«ተባለ» ዜና ርዕስ ላይ ሲወጣ ተቃራኒውን ይሠራል። ተገብሮ ግስ ስለሆነ ተናጋሪውን ይሰውረዋል። «አሉ» ቢያንስ ያሉ ሰዎች እንዳሉ ይጠቁማል፤ «ተባለ» ማንም ሳይናገረው ራሱን የተናገረ ይመስላል። ወንድሞቹም ብዙ ናቸው፦ «ተገለጸ»፣ «ተሰማ»፣ «ተጠቆመ»፣ «ታወቀ»። ከሁሉም የማልወደው «ታወቀ» የሚለውን ነው፤ ያላጣራውን ነገር ዕውቀት ብሎ ያውጃላ! የእማማ «አሉ» የወሬውን ክብደት ትቀንሳለች፣ የቻናሉ «ተባለ» ግን ወሬውን ዜና ያስመስለዋል። የሰሙት ወሬ አንድ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ሐሰተኛ ዜና የሚያመርቱትን ብቻ መውቀስ አልችልም። እነዚህን ግሶች ከእነሱ አልተማርናቸውም። የመንግሥቱም የግሉም ሬዲዮና ጋዜጣ ለዓመታት «ተገለጸ» እያለ ነው ያሳደገን። ማን እንደገለጸ በሦስተኛው አንቀጽ ይመጣል፣ አንዳንዴም አይመጣም። አጭበርባሪው አዲስ ቋንቋ መፍጠር አላስፈለገውም፤ ጆሯችን የለመደውን የዜና አንባቢ ድምፅ ተዋሰ።

አንድ ምሳሌ ልሥራ። «ከውስጥ አዋቂ እንደደረሰን ከነገ ጀምሮ ዘይት ከገበያ ሊጠፋ መሆኑ ታወቀ። ለምትወዱት ሁሉ አድርሱ።» የፈጠርኩት እኔ ነኝ፤ ግን ወንድሞቹን ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። «ከውስጥ አዋቂ»፣ የየት ውስጥ? ንግድ ሚኒስቴር? መጋዘን? የሰፈር ሱቅ? «እንደደረሰን»፣ እኛ ስንል እነማን ነን? «ከነገ ጀምሮ»፣ ይሄ የማያረጅ ቃል ነው፤ ፖስቱ በየትኛውም ቀን ፎርዋርድ ቢደረግ ነገ ያው ነገ ነው። «ሊጠፋ መሆኑ ታወቀ»፣ ገና ያልሆነ ነገር እንዴት ታወቀ? «ሊጠፋ ይችላል» ቢል ግምት ይሆን ነበር፤ «ታወቀ» ግምቱን ዕውቀት አደረገው። «ለምትወዱት ሁሉ አድርሱ»፣ ማጋራት ፍቅር ሆነ፤ ዝም ያለ ሰው ደግሞ እናቱ ዘይት አጥታ ስትቀር ዳር ቆሞ የሚያይ ጨካኝ። ይሄን ሁሉ ለመጠየቅ ኢንተርኔት አላስፈለገም። ዳታ ያለቀበት ልጅም ይችላል።

ይህን ስል የሚቃወመኝ ጥናት እንዳለ አውቃለሁ፤ መዝለልም አልፈልግም። ሳም ዋይንበርግና ሳራ ማግሩ የተባሉ የስታንፎርድ ተመራማሪዎች በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት 45 ሰዎች ድረ ገጾችን እንዲመዝኑ አደረጉ፤ 10 የታሪክ ምሁራን፣ 10 ባለሙያ መረጃ አጣሪዎችና 25 የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች። ምሁራኑና ተማሪዎቹ ገጹን ከላይ እስከ ታች እያነበቡ ብዙ ጊዜ ተታለሉ። አጣሪዎቹ ግን ገጹን ቶሎ ትተው ሌላ ታብ ከፈቱ፤ ሌሎች ስለዚያ ድርጅት ምን እንደሚሉ ፈለጉ። ፈጠኑም፣ ለእውነቱም ቀረቡ። ታዲያ እኔ ዓረፍተ ነገር ላይ ተተከሉ ማለቴ ወደ ኋላ መመለስ አይደለም ወይ?

አይመስለኝም። ሌላ ታብ መክፈት የሚጠቅመው ታቡ ውስጥ ሌላ ነገር ሲኖር ነው። አንድ ወረዳ ውስጥ ትናንት ተፈጠረ ስለተባለ ነገር በአማርኛ ብትፈልጉ አምስት ቻናል ልታገኙ ትችላላችሁ፤ አምስቱም ላይ ያለው ያው አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ከነግድፈቱ የተገለበጠ። ችኩል አንባቢ «አምስት ምንጭ አረጋገጠው» ይላል። አምስቱ አንድ መሆናቸውን የሚያየው ቃላቱን ያስተዋለ ሰው ነው። ኢትዮጵያ ቼክና ሐቅቼክ በአማርኛ የሚሠሩት የማጣራት ሥራ ዋጋ አለው፤ ግን የትኛውም አጣሪ በየቤተሰብ ግሩፑ ውስጥ ገብቶ አይቀመጥም። እዚያ ያለነው እኛ ነን።

ታዲያ ይሄን ለምን አላስተማርንም? አንዱ መልስ ክፍላችን ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ከ1997 የትምህርት ዘመን ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባውን ፕላዝማ አስታውሱ፤ ያልደረሳችሁበትም ታላላቆቻችሁን ጠይቁ። ደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ ትምህርት በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ፣ በራሱ ፍጥነት ይወርዳል። መምህሩ ዳር ቆመው ያያሉ። ተማሪው ይገለብጣል። ያልገባው ልጅ እጁን ቢያወጣ ስክሪኑ አያየውም። ቴክኖሎጂው ለጊዜው ድንቅ ነበር፣ የተጣራ መምህር እጥረትን ለመሙላትም ታስቦ ነበር። ግን ሳያስበው አንድ ነገር አስተማረ፦ ስክሪን ይናገራል፣ አይጠየቅም።

ዛሬ ስክሪኑ ኪሳችን ውስጥ ገባ እንጂ ትምህርቱ ብዙ አልተቀየረም። ሐምሌ 2016 ከተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ጋር በትብብር የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም ፕሮግራሚንግን፣ የአንድሮይድ አፕ ሥራን፣ ዳታ ሳይንስንና አርቴፊሻል ኢንተለጀንስን በነፃ ያስተምራል። ጥሩ ነው፤ ያልጀመራችሁ ጀምሩ። ኮድ መጻፍና በኮድ የሚነዳ ፊድ ማንበብ ግን ሁለት የተለያዩ ክህሎቶች ናቸው። አፕ የሚሠራ ልጅ ማታ ቲክቶክ ላይ እንደማንኛችንም ሊታለል ይችላል። «ዲጂታል ክህሎት» ሲባል ሁለቱ በአንድ ከረጢት ስለሚገቡ አንዱ ሲሰጥ ሌላውም የተሰጠ ይመስለናል።

መጠየቅ ግን ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። «በላ ልበልሃ» በሚባለው የድሮ ሙግት ከሳሽና ተከሳሽ ፊት ለፊት ቆመው «ተጠየቅ!» እየተባባሉ፣ በውርርድ እያሰሩ፣ በሕዝብ ፊት ይከራከሩ ነበር። የተናገረ ሰው ለተናገረው ቃል ቆሞ መልስ ይሰጣል። ልናስውበው አይገባም፤ አንደበተ ርቱዕ ውሸታም ዓይናፋሩን እውነተኛ የሚረታበት ቀን እንደነበረ መገመት አያቅትም። ግን አንድ ነገር ግልጽ ነበር፦ ቃል ባለቤት አለው። «ተባለ» ብሎ ችሎት መቆም አይቻልም።

ስላይዱ የሚያስተምረው ግን መጠየቅን ሳይሆን መጠራጠርን ነው። ተጠራጣሪው «ሁሉም ፌክ ነው» ብሎ ይተኛል፤ የማይወደው እውነት ሲመጣም ያችኑ ቃል ይመዝዛል። ጠያቂው መልስ ይፈልጋል፣ መልስ ሲያገኝም ይቀበላል። ከሥልጠና ወጥተን ለማንም የማናምን ከሆንን ለአጭበርባሪው ሥራውን አቀለልንለት።

ይህ ጉዳይ የዘይት ወሬ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልጻፍኩ። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የነበሩት መዓረግ አማረ ጥቅምት 24 ቀን 2014 ቤታቸው ደጃፍ ላይ በጥይት ተገደሉ። ትግራዋይ ነበሩ። ልጃቸው አብርሃም መዓረግ ታኅሣሥ 2015 ኬንያ ውስጥ በሜታ ላይ በመሠረተው ክስ፣ ከግድያው በፊት የአባቱን ስምና ፎቶ ይዘው የሚወነጅሉ ፖስቶች ፌስቡክ ላይ እንደተሠራጩ፣ እሱም ሪፖርት ቢያደርግ በጊዜ እንዳልተነሡ ይናገራል። መጋቢት 2017 የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሏል።

ይህን ታሪክ ሳስብ የስላይዱ ምክር የሚያንስበት ይታየኛል። የሰውዬው ፎቶ የራሳቸው ነው፤ ፎቶውን ጎግል ላይ መፈለግ አያድናቸውም። መጠየቅ የነበረበት ሌላ ነው፦ ይህን የሚለው ማን ነው? የአንድ ሰው ስምና ፎቶ ለእኔ ለምን ተላከ? እንዳደርግ የሚፈለገውስ ምንድን ነው? ሁለተኛም፣ መጠየቅ ያለበት አንባቢው ብቻ አይደለም። ሪፖርቱን ተቀብሎ ፖስቱን ያላነሣው ማን ነው? ሥልጠናው ጥያቄውን ሁሉ የ17 ዓመት ልጅ ትከሻ ላይ ጭኖ ድርጅቱን ሳይጠይቅ ያልፋል።

ሕጉም ተመሳሳይ ሚዛን አለው። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የሐሰት መረጃ ላሠራጨ ሰው እስከ አንድ ዓመት እስራት ወይም እስከ 50,000 ብር ቅጣት ያስቀምጣል፤ ድርጊቱ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው አካውንት ከተፈጸመ እስራቱ እስከ ሦስት ዓመት፣ መቀጮው እስከ 100,000 ብር ይደርሳል። ያው አዋጅ የሚዲያ ንቃትን የማስፋፋት ሥራንም በወቅቱ ለነበረው ብሮድካስት ባለሥልጣን ሰጥቷል። ቅጣቱ በቁጥር ተለክቷል። ትምህርቱ እንዴት፣ በየትኛው ክፍለ ጊዜ፣ በማን እንደሚሰጥ ግን እንደዚያ አልተለካም።

እኔ ብጠየቅ ክፍለ ጊዜው አለ፣ የአማርኛ ክፍለ ጊዜ። አፍ መፍቻው ሌላ ለሆነም የራሱ ቋንቋ ክፍለ ጊዜ። አዲስ መጽሐፍ፣ ላብራቶሪ፣ ዋይፋይ አያስፈልገውም። መምህሯ በሳምንት አንድ ቀን አንድ ፖስት ሰሌዳ ላይ ትጻፍ። ተማሪዎቹ ተገብሮ ግሶቹን ያስምሩ፣ አድራጊውን ይፈልጉ፣ ያላገኙት ቦታ ላይ ባዶ መስመር ይተዉ። በሚቀጥለው ሳምንት የመንግሥት መግለጫ ይምጣ፣ በሚቀጥለው የተቃዋሚ፣ በሚቀጥለው የማስታወቂያ። አንድ ወገን ብቻ ሰሌዳው ላይ ከወጣ ትምህርቱ ቅስቀሳ ይሆናል።

እዚህ ጋ ይቸግራል። የመንግሥት መግለጫ ሰሌዳ ላይ ጽፋ «አድራጊው ማን ነው?» ብላ የምትጠይቅ መምህርት በሰላም እንድታስተምር የሚፈቅድ ርዕሰ መምህር፣ ወረዳና ወላጅ ያስፈልጋታል። ለዚያ የሚሆን ስላይድ የለኝም። የሚቀጥለው ሥልጠና ሲዘጋጅ ግን ከተጋባዦቹ መካከል ከወጣቶቹ ጎን እነዚህ ሦስቱም ቢቀመጡ፣ የሻይ ዕረፍቱ ላይ የሚነሣው ጥያቄ የተለየ ይሆናል ብዬ አስባለሁ።